የጠረጴዛ ላይ ሣር

ስለ ነገሥታት አክሊል፣ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ታላላቅ ግንቦች ብዙ ተጽፏል። ስለ ጨርቅ፣ ያውም አርጅቶ ስለሚጣል ጨርቅ፣ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በየሰፈሩ ፑል ቤት የምናየውን፣ ጎረምሳው ሁሉ ክንዱን የሚያሳርፍበትን፣ የሲጋራ ቁስልና የጠመኔ ዱቄት የማይለየውን አረንጓዴ ጨርቅ ነው። አንባቢ «ለፑል ጨርቅ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት ቢታገሠኝ አይከስርም። ይህ ጨርቅ አንገቷን ከተቀላች ንግሥት፣ የአገሩን ሕግ ጥሶ ከወጣ መካኒክ፣ ከአፍሪካ ዝሆንና ከሐረር ነጋዴ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለው። ከሁሉም የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በቢሊያርድ ጠረጴዛ ላይ ውድና ዘላቂ የተባለው ዕቃ ሁሉ ባለፉት 500 ዓመታት ውስጥ በሌላ ተተክቷል። ዓይነቱን ሳይለቅ እስከ ዛሬ የዘለቀው፣ በየጊዜው እየተገፈፈ የሚጣለው ጨርቅ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመስክ ወደ አዳራሽ

ቢሊያርድ ሲጀመር የመስክ ጨዋታ ነበር። የምዕራብ አውሮፓ መኳንንት ሣር ላይ ኳስ በዱላ እየገፉ በትንንሽ ቅስቶች ውስጥ ያሳልፉ ነበር። የዚያ አገር ዝናብና ብርድ ግን ዓመቱን ሙሉ በመስክ አያስውልም። ስለዚህ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታው ቤት ገባ። በታሪክ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ የቢሊያርድ ጠረጴዛዎች አንዱ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 11ኛ ነው። ሣሩን ነቅሎ አዳራሽ ማስገባት ስለማይቻል፣ በምትኩ አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተወጠረ። ዛሬ በየፑል ቤቱ የምናየው አረንጓዴ ቀለም የዚያ መስክ ትዝታ ነው። ጨርቁን ያየ ሰው ሳያውቀው የሚያየው ሣር ነው ማለት ነው።

ጨርቁ በቤተ መንግሥት ታሪክ ውስጥ በአሳዛኝ መልኩ የሚነሣበት ጊዜም አለ። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በእንግሊዝ ለ19 ዓመታት ያህል በግዞት ስትኖር ቢሊያርድ አንዱ መጽናኛዋ ነበር። በ1586 የሞት ፍርድ ከተፈረደባት በኋላ ጠባቂዎቿ ጠረጴዛዋን ወሰዱባት፤ እርሷም ይህንኑ በደብዳቤዋ አማረረች። በየካቲት 1587 በፎዘሪንጌይ ግንብ አንገቷ ተቀላ። አስከሬኗ የተሸፈነው ከዚያው ጠረጴዛ ላይ በተገፈፈ ጨርቅ ነው የሚል ትረካ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ትረካው እውነትም ይሁን የኀዘንተኞች ፈጠራ፣ የሚያስረዳው ነገር አለ፤ ለንግሥት የሚገባ ከፈን ጠፍቶ በእጅ የተገኘው የጨዋታ ጨርቅ ነበር መባሉ ለሰሚው ሁሉ የውርደት ምልክት ነበር።

ቆየት ብሎ ደግሞ ጨርቁ ማን ምን ይዞ ይጫወት የሚለውን ወሳኝ ሆነ። የቀድሞ ተጫዋቾች ኳሱን የሚገፉት ጫፉ ወፍራም በሆነ መግፊያ ነበር። ኳሱ ከጠርዙ ሥር ሲጠጋ መግፊያው አላስመታ ስለሚል፣ ገልብጠው በቀጭኑ እጀታ መምታት ጀመሩ፤ የዛሬው ስቲክ የተወለደው እንዲህ ነው። ነገር ግን የሾለ እንጨት ጨርቅ ይቀዳል። ስለዚህ ሴቶች ስቲኩን እንዳይነኩ፣ በመግፊያው ብቻ እንዲጫወቱ ይደረግ ነበር፤ የተሰጠውም ምክንያት «ጨርቁን ይቀዱታል» የሚል ነው። ወንዱ ሲቀደው ግን የጨዋታ አደጋ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር! በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን፣ በእስር ላይ ሳለ ነው ይባላል፣ በስቲኩ ጫፍ ላይ ቆዳ መለጠፍን አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲያ ኳስን እንደፈለጉ ማሾር የተቻለ ሲሆን፣ ጨርቁም ከባዶ እንጨት ጥቂት ተገላገለ።

ዘላቂ የተባለው ሁሉ አላፊ ሆነ

አሁን ጠረጴዛውን በየክፍሉ እንየው። ከጨርቁ በታች ያለው ወለል ለብዙ ዘመን የእንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይጎብጣል። ጆን ቴርስተን የተባለ የለንደን ጠረጴዛ ሠሪ ከ1826 ገደማ ጀምሮ በእንጨቱ ፈንታ፣ ድሮ ተማሪ ይጽፍበት የነበረውን ዓይነት ጠፍጣፋ የድንጋይ ሰሌዳ አነጠፈ። ኳስ የሚነጥርበት ጠርዝም መጀመሪያ በጨርቅ ቁርጥራጭና በመሳሰለው የተጠቀጠቀ ነበር፤ በ1830ዎቹ በላስቲክ ተተካ። የመጀመሪያው ላስቲክ በብርድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ ተጫዋቹን ያማርር ነበር። ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን በድኝ የማብሰል ዘዴ ካገኘ በኋላ ግን ያው ቴርስተን በ1845 ብርድ የማይበግረውን ጠርዝ አወጣ።

የኳሱ ታሪክ የከፋ ነው። ከእንጨት ተነሥቶ ወደ ዝሆን ጥርስ ተሻገረ። ከአንድ ጥርስ ጥሩ ኳስ የሚወጣው ጥቂት ብቻ በመሆኑ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የቢሊያርድ ቤት በተስፋፋ ቁጥር በአፍሪካ ዝሆን ይረግፍ ጀመር። የእኛም አገር ከዚህ ንግድ ውጭ አልነበረችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የዝሆን ጥርስ ከቡና፣ ከቆዳና ከዝባድ ጋር ወደ ውጭ ከሚላኩት ዋና ዋና ዕቃዎች አንዱ ነበር፤ ከደቡብ ምዕራብ እየተጫነ በሐረር በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ቅኔውን ትቶ ሐረር ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ከነገዳቸው ሸቀጦች አንዱ ይኸው ጥርስ ነው። በ1891 ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ያስጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ የሚጀምረው ጥርስ በመቁጠር ነው።

ጥርሱ እየተወደደ ሲሄድ በ1860ዎቹ አንድ የኒው ዮርክ የቢሊያርድ ዕቃ ድርጅት ምትክ ለሚያገኝ ሰው 10 ሺህ ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። በዚህ የተነሣሣው ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድ የተባለውን ከጥንት ፕላስቲኮች አንዱን ለገበያ አበቃ። ቆይቶም ጌንት ውስጥ የተወለደው ቤልጂጋዊ ሊዮ ቤክላንድ በ1907 ባክላይትን ሠራ። የዛሬው ኳስ የዚያ የባክላይት ዘመድ ነው፤ የዓለምን አብዛኛውን ኳስ የሚያመርተውም አንድ የቤልጂግ ፋብሪካ ነው።

እንግዲህ እንጨቱ በድንጋይ፣ ጥቅጥቁ በላስቲክ፣ ጥርሱ በፕላስቲክ ተተካ። ጨርቁስ? ጨርቁ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፍ ነበር፤ ዛሬም ሱፍ ነው። ለፑል ከሚሠሩት ዝነኛ ጨርቆች አንዱ ከ100 እጅ 90 ሱፍ፣ 10 ናይለን ነው። ያቺ 10 እጅ ጥንካሬ ለመጨመር ገባች እንጂ ሱፉን አላስወጣችውም።

ምክንያቱ ከበጉ ጸጉር ተፈጥሮ ነው። ኳስ በኀይል ሲመታ ከጨርቁ ጋር የሚፋተግበት ነጥብ ለቅጽበት በጣም ይግላል። በአዲስ ጨርቅ ላይ የምናያቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች የዚያ ግለት ጠባሳ ናቸው። ሰው ሠራሽ ክር በእንዲህ ያለ ግለት ይቀልጣል፤ ሱፍ ግን አይቀልጥም፤ እሳት ቢነካውም ቶሎ አይቀጣጠልም። የተጫኑት ጸጉር ተመልሶ ቀና ይላል። ሲረጥብና ሲደቃ ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ይህንን በርኖስና ባና የሚያውቅ የመንዝ ሰው ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል። አንድ ዐመሉ ግን እርጥበት መጠጣቱ ነው። ቀዳዳ የሌለው የካራምቦላ ጠረጴዛ ለትልልቅ ውድድር ሲዘጋጅ ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። (የእኛው «ከረንቡላ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው።) በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ፑል የተጫወተ ሰው ኳሱ እንደሚከብደው ያውቃል። ኳሱ አልከበደም፤ ጨርቁ ነው ዝናብ ዝናብ ያለው።

የቨርቪዬ ሸማኔዎች

ስለ ጨርቁ ሲነሣ አንዲት ከተማ ትነሣለች፤ በምሥራቅ ቤልጂግ፣ በቬስድር ወንዝ ዳር ያለችው ቨርቪዬ። የወንዟ ውሃ የለዘበ በመሆኑ ለሱፍ እጥበት ተስማሚ ነበር። ዛሬም የቢሊያርድ ጨርቅ በማምረት በዓለም የታወቀው የኢዋን ሲሞኒስ ድርጅት ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1680 ጀምሮ ነው። ቤልጂግ ራሷ አገር የሆነችው በ1830 ስለሆነ፣ ጨርቅ ሠሪው አገሪቱን በ150 ዓመት ይበልጣታል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዝ የሱፍና የጥጥ መፍተያ መኪናን ምስጢር እንደ ጦር መሣሪያ ትጠብቅ ነበር። ባለሙያ ከአገር እንዳይወጣ፣ መኪናም እንዳይሸጥ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የባለሙያው እገዳ እስከ 1824፣ የመኪናው እስከ 1843 ቆይቷል። ዊሊያም ኮክሪል የተባለ የላንክሻየር መካኒክ ግን ሕጉን ጥሶ ወጣ። በሩሲያና በስዊድን ዕድሉን ሞክሮ ሳይሳካለት በ1799 ቨርቪዬ ደረሰ፤ ለሲሞኒስና ለቢዮሌ የጨርቅ ድርጅቶች የሱፍ መፍተያ መኪና ሊሠራ ተዋዋለ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የማሪ-አን ሲሞኒስ እጅ ነበረበት፤ የኢዋን እኅትና የቢዮሌ ባለቤት የነበረች፣ ንግዱን በብልኀት የመራች ሴት ናት። ያ ውል የአውሮፓ ዋና ምድር በመኪና ማምረት የጀመረበት አንዱ በር ሆነ። የኮክሪል ልጅ ጆንም በ1817 በሴረንግ ታላቁን የብረት ፋብሪካ ተከለ። ልብ ይበሉ አንባቢያን፤ የሎኮሞቲቭና የሐዲድ ዘመን በቤልጂግ ሲጠባ በሩን የከፈተው ጨርቅ ነው።

ብልጽግናው ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ፋብሪካዎቹ ውሃ እየተሻሙ ወንዙ ስላልበቃቸው፣ የዢለፕ ግድብ ተሠርቶ በ1878 ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ መረቀው። ሱፍ የሚያጥበውን ግድብ የመረቀው ንጉሥ፣ በኋላ በኮንጎ ሕዝብ ላይ በደረሰው ግፍ ጥርስና ጎማ ያስለቀመው ያው ሰው ነው። በ1890ዎቹ የአንትወርፕ ወደብ ከዓለም ታላላቅ የዝሆን ጥርስ ገበያዎች አንዱ ለመሆን የበቃው በዚሁ ነው። ኳሱና ጨርቁ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከመገናኘታቸው በፊት በአንድ ዙፋን ሥር ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። የቨርቪዬ ሠራተኞችም በዝቅተኛ ደመወዝ ሲማረሩ ኖረው፣ በ1906 አሠሪዎቹ ፋብሪካዎቹን በአንድነት ዘግተውባቸው ነበር። ከዚያ ትንቅንቅ የወጣው የኅብረት ስምምነት በቤልጂግ የሠራተኛ ታሪክ ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይነሣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋን ያስጠራት ሱፍ ተዳከመ፤ ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ለካፖርትና ለኮት ሱፍ የሚሠሩት ሲጠፉ፣ ለጨዋታ ጠረጴዛ የሚሠራው ተረፈ። ኮት የገዛ ሰው ዐሥር ዓመት ላይመለስ ይችላል፤ የቢሊያርድ ቤት ባለቤት ግን ጨርቁ ባለቀ ቁጥር ይመለሳል።

ጨርቁ ሲቀየር

ጨርቅ የመቀየርን ሥራ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከውጭ ሲያዩት አልጋ እንደ ማንጠፍ ይመስላል። ሥራው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሠራተኛው መጀመሪያ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ስድስቱን ጠርዞች የያዙትን ብሎኖች ይፈታል። ጠርዞቹ ሲነሡ የአሮጌው ጨርቅ ዳር ይታያል፤ የሽቦ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። ጨርቁ ሲገፈፍ ለወራት የተጠራቀመ የጠመኔ ዱቄት ይበናል። ከዚያ በኋላ ዕርቃኑን የቀረው ድንጋይ ነው። በአብዛኛው ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይገጣጠማል፤ የትልቁ ፑል ጠረጴዛ መጫወቻ 2.54 ሜትር በ1.27 ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ቁራጭ ቢሠራ ለማንሣት እጅግ ይከብዳል።

አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ሠራተኛው ውሃ ልኩን በየማዕዘኑ እያስቀመጠ፣ በእግሮቹ ሥር ስስ ንጣይ እየሸጎጠ ያስተካክላል። የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በቀለጠ ሰም ይደፍናል፤ ሰሙ ሲደርቅ በስለት ይፍቀውና መዳፉን አሳልፎ ይሞክረዋል። ዐይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ወጣት ቸኩሎ፣ «ጋሼ፣ ጨርቁን ለምን አትወጥሩትም? ማታ ሰው ይመጣብኛል እኮ» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ጨርቅ ጉድለት አይደብቅም፤ ያሳብቃል» አሉት።

ከዚያ ጨርቁ በደህናው ፊቱ ወደ ላይ ይነጠፋል። ከአንድ ጫፍ ይያዝና ወደ ሌላው ይወጠራል፤ ከዚያም ወደ ጎን። ልል ከሆነ ኳሱ ይጎተታል፤ ያለ ልክ ከተወጠረ ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ቶሎ ይሳሳል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ በመቀስ እየተሰነጠቀ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስድስቱ ጠርዞችም የየራሳቸውን ጥብጣብ ይለብሱና በየቦታቸው ይታሠራሉ። ሲያበቃ ሠራተኛው አንድ ኳስ በቀስታ ይለቃል። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ሒሳቡን ይቀበላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በእኔ አስተያየት ነገሩ የፍትሕ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ያረጀ ጨርቅ ለነባሩ ያዳላል። ኳስ በተመላለሰበት መስመር ላይ ጨርቁ ይሳሳል፤ በአንዱ ጥግ ይጎደጉዳል፤ በፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ኳሱን ያስታል። በየቀኑ እዚያ የሚውለው ሰው ይህንን በልቡ ይዞታል፤ የት ላይ እንደሚታጠፍ ያውቃል። እንግዳው ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ብሩን ሲበላ «ጎበዝ ገጠመኝ» ብሎ ይሄዳል፤ የበላው ግን ጎበዙ ብቻ አይደለም፤ ቀዳዳውና ጉድጓዱ አግዘውታል። ስለዚህ አንዳንድ ነባር ተጫዋቾች ጨርቁ ሲቀየር ማጉረምረማቸው አይገርምም። አዲስ ጨርቅ የሚያውቁትን ጉድጓድ ይነጥቃቸዋል፤ ነባርና እንግዳ አንድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚለው ነገር ያለ ይመስለኛል። እኛ አገር ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ብዙ እንግዳ ይጠራል፤ ጥገና የሚደረግበት ቀን ግን ማንም አይጠራም። አዲስ ግንብ ሲቆም ስሙ ይጠራል፤ የሚያፈሰውን ቧንቧ የሚቀይረው ሰው ስም አይጠራም። ከዚያም አልፎ በእጁ የሚሠራውን ሰው ስንሰድብ የኖርን ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ከልክ በማለፉ ነው። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ሙሉ በሙሉ ለቅቋል ለማለት አልደፍርም።

ስለ ፑል ቤት ብዙ ይወቀሣል። ተማሪ ያስቀራል፣ ቁማር ያስለምዳል፣ ጊዜ ይበላል ይባላል፤ ወቀሣው በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ እኔም ጠበቃ ልሆንለት አልተነሣሁም። ነገር ግን በዚያው ቤት ውስጥ ውሃ ልኩንና ሰሙን ይዘው ከጠረጴዛ ሥር የሚገቡ፣ በመዳፋቸው ድንጋይ የሚዳስሱ ሰዎች አሉ። ዝሆኑ ሲያልቅ፣ እንጨቱ ሲጎብጥ፣ ላስቲኩ ሲደርቅ ጨዋታው ያልጠፋው፣ ጨርቁን በጊዜው የሚገፍፍና በወጉ የሚወጥር ሰው በየዘመኑ ስለተገኘ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚከፈለው ሒሳብ ለአብዛኛው ባለቤት የመጨረሻው ወጪ ነው፤ «ትንሽ ይቆይ» እየተባለ ይገፋል፤ ጨርቁም ድንጋዩ እስኪታይ ይበላል። እስከዚያ ድረስ ግን በየማታው አንድ እንግዳ ባላየው ጉድጓድ ይሸነፋል።